ባዶ ተብሎ የተቆጠረው መሬት፦ የኢትዮጵያ የባዮፊዩል ፖሊሲ ከውርጌሳ ሲታይ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ሀብሩ ወረዳ ሲገባ ውርጌሳን ያገኛል። ከውርጌሳ ቀጥሎ መርሳ፣ ከዚያ ሲሪንቃ፣ ከዚያ ወልድያ ነው። በዚህ መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ነዳጅ ማለት ከሩቅ የሚመጣ ነገር ነው። ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ይራገፋል፣ በቦቴ ተጭኖ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፣ ማደያ ሲደርስ ደግሞ ሰልፍ ይጠብቀዋል። ባጃጁም፣ የመስኖ ውሃ መሳቢያውም፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው የናፍጣ ወፍጮም ዓይናቸው ያ ቦቴ ላይ ነው።

ሌላም ነዳጅ ግን አለ። ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ ምጣዱ የሚሰማው በእንጨት፣ በኩበትና በማሽላ አገዳ ነው። ከኢትዮጵያ ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ ዘጠና በመቶ ያህሉ ከዚህ ዓይነቱ ምንጭ እንደሚገኝ የመንግሥት ሰነዶች ራሳቸው ለዓመታት ሲጽፉ ኖረዋል። ቃሉን እንዳለ ከወሰድነው ውርጌሳ በባዮፊዩል መጠቀም የጀመረችው ቃሉ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ነገር ግን የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር በመስከረም 2000 ዓ.ም. የባዮፊዩል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ሲያወጣ ዋናው ጭንቀቱ የምጣዱ ማገዶ አልነበረም። የቦቴው ነገር ነበር።

ጭንቀቱ ያለምክንያት የመጣ አልነበረም። ነዳጅ በዚህች ሀገር መንግሥት ሲያንገዳግድ ታይቷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ በግማሽ ያህል ስለጨመረባቸው ነው። የዓለም ዘይት ዋጋ ከወራት በፊት ሰማይ ነክቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ወሎ በረሃብ እያለቀ ነበር፤ ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በዚሁ መንገድ ዳር ሰው ወድቆ ይታይ ነበር። የወሎ ረሃብና የአዲስ አበባ ቤንዚን በየፊናቸው መጥተው አንድ ዘውድ ላይ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ የማደያ ዋጋ በነካ ቁጥር ልቡ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

ያንኑ የዘይት ቀውስ ብራዚል በሌላ መንገድ መለሰችው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1975 ፕሮአልኮል የተባለ ብሔራዊ ፕሮግራም በአዋጅ አቋቋመች። ሸንኮራ አገዳ ነበራት፣ ስኳር ፋብሪካ ነበራት፣ የዓለም የስኳር ዋጋም ወድቆ ባለፋብሪካዎቹ ሲያለቅሱ ነበር። መንግሥት ኢታኖሉን እገዛለሁ አለ፣ ዋጋ ቆረጠ፣ የመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮብራስ እንዲያከፋፍል አዘዘ። ይህ ሁሉ ሆኖም ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶ ተሰናከለ። በ1980ዎቹ ማብቂያ የስኳር ዋጋ ሲነሳ ፋብሪካዎቹ ወደ ስኳር ዞሩ፤ በኢታኖል ብቻ የሚሄድ መኪና የገዛ ብራዚላዊ ማደያ ላይ ደርቆ ቀረ። ሕዝቡ ወደ ኢታኖል የተመለሰው ከ2003 በኋላ ቤንዚንም ኢታኖልም የሚቀበል መኪና ገበያ ሲገባ ነው። ብራዚል የዘይት ጥገኝነቷን ብትቀንስም ኢታኖል የስኳር ልጅ መሆኑን ግን መለወጥ አልቻለችም። እናት ስትታመም ልጁም ይታመማል።

ኢትዮጵያም በዚያን ጊዜ ስኳር ፋብሪካ ነበራት። ወንጂ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ አማካይነት በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀምሯል፤ ሸዋና መተሐራ ተከትለዋል። ሁሉም በ1967 ዓ.ም. ተወረሱ። ከስኳር ምርት የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ሞላሰስ፣ ያ ኢታኖል የሚወጣበት ነገር፣ ሞልቶ ነበር። ደርግ ግን ነዳጁን የሚያገኘው ከሶቪየት ኅብረት ነበር፤ በዚያችው ሀገር እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተ የአሰብ ማጣሪያም ነበረው። ሞላሰስ ለከብት መኖና ለአረቄ ቀረ። ከዚያ አሰብ ራሱ ሄደ። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ፣ በዓመቱ ጦርነት ተነሳና ወደቡም ተዘጋ። ድሮ ከአሰብ በኮምቦልቻ በኩል ወሎን ረግጦ የሚመጣው ነዳጅ ከነአካቴው የጅቡቲ ሆነ፣ ያውም ተጣርቶ ያለቀ፣ በዶላር የሚገዛ።

የመጀመሪያው የሀገር ውስጥ የመኪና ነዳጅ የተገኘው ማንም የባዮፊዩል ስትራቴጂ ሳይጽፍ ነው። ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በ1991 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር ኢታኖል የሚያወጣ ክፍል አብሮት ተተከለ። ኢታኖሉ ግን ለአሥር ዓመት ያህል ወደ መኪና ታንከር አልገባም። ለሌላ ሥራ ተሸጠ። ለማደባለቅ ዴፖ፣ ደንብ፣ ዋጋና የሚያስገድድ አካል ያስፈልግ ነበር፤ ዘይት ርካሽ በነበረበት ጊዜ ለዚህ የሚቸኩል አልነበረም።

ያስቸኮለው 2000 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ክረምት የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ 147 ዶላር ደረሰ። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን አነሳ። በዚያው ሰሞን፣ በ2001 ዓ.ም. መባቻ፣ 5 በመቶ ኢታኖል የተደባለቀ ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ መሸጥ ጀመረ፤ ድብልቁ የሚዘጋጀው ሱሉልታ በሚገኘው የናይል ፔትሮሊየም ዴፖ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ አደገ፣ መተሐራም በዓመት 12.5 ሚሊዮን ሊትር ማምረት የሚችል የራሱን የኢታኖል ክፍል ከፈተ፣ ሌሎች የነዳጅ ኩባንያዎችም ገቡበት። ይህ የሚናቅ ሥራ አልነበረም። ፋብሪካው አለ፣ ሞላሰሱ አለ፣ አንድም ገበሬ ከመሬቱ ሳይነሳ ሚሊዮኖች ዶላር ዳነ። ከሀገሪቱ የባዮፊዩል ታሪክ ውስጥ ያለማጋነን ተሳካ የሚባል ነገር ቢኖር ይኼ ነው፤ በጣም ጥቂት የተወራለትም ይኼው ነው።

ልኩን ማወቅ ግን ደግ ነው። የፊንጫና የመተሐራ ሙሉ አቅም ቢደመር 20 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነው፤ ይህ በ10 በመቶ ሂሳብ የሚበቃው ለ200 ሚሊዮን ሊትር ድብልቅ ነው። ድብልቁ የአዲስ አበባ ነበር፤ ውርጌሳ ማደያ አልደረሰም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኢታኖል የቤንዚን ጓደኛ ነው። ኢትዮጵያ በብዛት የምታነደው ናፍጣ ነው፤ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ትራክተሩ፣ ወፍጮው በናፍጣ ነው የሚሄደው። ናፍጣን የሚተካ ነገር ከዘይት ፍሬ መምጣት ነበረበት። ስትራቴጂው ትልቁን ሕልም ያለመው እዚህ ላይ ነው።

* * *

ሰነዱ ለባዮዲዝል ተክሎች፣ ለጃትሮፋ፣ ለጉሎና ለመሳሰሉት፣ ተስማሚ የሆነ 23.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት በሀገሪቱ እንዳለ ቆጠረ።

ቁጥሩን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የኢትዮጵያ ስፋት 110 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሀገሪቱ አንድ አምስተኛ በላይ ለመኪና ዘይት ተስማሚ ተባለ ማለት ነው። በወቅቱ ገበሬው ሁሉ ተደምሮ በእህል የሚሸፍነው መሬት ከዚህ ግማሹን ያህል ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። የባሰው ግን ላሟ በሰማይ መሆኗ አይደለም፤ ሳሯ ምድር ላይ ያለ፣ ሌላ ሰው የሚያግጥበት ሳር መሆኑ ነው።

«ለምግብ እህል የማይሆን»፣ «ያልለማ»፣ «ጠፍ» የሚሉት ቃላት በአዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትርጉም አላቸው፤ ውርጌሳ ላይ ሌላ ነው። ከከተማዋ በላይ የሚታየው የአምባሰል ግርጌ ገደላገደል በካርታ ላይ ባዶ ነው። ለነዋሪው ግን የወል ግጦሽ ነው፣ ማገዶ የሚለቀምበት ነው፣ ንብ የሚሰማራበት ነው። ከረሃቡ ዘመን በኋላ በምግብ ለሥራ እርከን የተሠራበት፣ ከከብት ተከልሎ ሣሩ በክረምት ማብቂያ እየታጨደ የሚከፋፈልበት ተራራ በወሎ ብዙ ነው። ማንም ስለማያርሰው የማንም አይደለም ማለት አይቻልም። የሰሜን ወሎ አንድ ቤተሰብ የያዘው እርሻ በአማካይ ከሄክታር በታች ነው፤ ቀሪውን ኑሮውን የሚሞላው በዚህ «ባዶ» ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር በሰነድ ላይ ሲሰፍር የሚሰማው የሀገር ውስጥ አንባቢ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አባል ሀገራት እስከ 2010 ድረስ ከትራንስፖርት ነዳጃቸው 5.75 በመቶውን ባዮፊዩል እንዲያደርጉ ግብ ጥሎ ነበር። አውሮፓ ያን ያህል ሰብል የሚያበቅልበት ትርፍ መሬት የለውም። በ2007 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቢፒ ዲ1 ኦይልስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ ጃትሮፋን በዓለም ዙሪያ ሊተክል ተነሳ፤ በሁለት ዓመቱ ትቶት ወጣ። በዚያች የሁለት ዓመት ትኩሳት ውስጥ ነው ኢትዮጵያ በሯን የከፈተችው።

የመጡትን እንይ። ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለ የጀርመን ኩባንያ በምሥራቅ ሐረርጌ ጉሎ ሊያለማ መሬት ወሰደ፤ ከተሰጠው መሬት አብዛኛው በ1962 ዓ.ም. ከተቋቋመው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ክልል ውስጥ መሆኑ የታወቀው ቁጥቋጦው መመንጠር ከጀመረ በኋላ ነው። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ጮኹ፤ መልካ ማኅበርና ፎረም ፎር ኢንቫይሮመንት በጉዳዩ ላይ ጥናት አሳተሙ፤ ኩባንያው ግን የከሰረው ከጩኸቱ ይልቅ በገንዘብ እጦት ነው። ሰን ባዮፊዩልስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ 80 ሺህ ሄክታር፣ በወላይታ ደግሞ 5 ሺህ ሄክታር ለጃትሮፋ ተባለለት። ግሎባል ኢነርጂ የተባለው ከእስራኤል የመጣ ኩባንያ መሬት በስፋት ከመውሰድ ይልቅ የወላይታን ገበሬዎች በውል ጉሎ አስዘራ።

የወላይታው ታሪክ ትንሽ ቆም የሚያሰኝ ነው። በወረቀት ላይ ከሁሉ የተሻለው ሞዴል እሱ ነበር። ማንም አልተፈናቀለም፣ ገበሬው መሬቱ ላይ ነው፣ ዘሩን ያገኛል፣ ፍሬውን የሚገዛው አለ። ግን ወላይታ ሰው ተጨናንቆ የሚኖርበት ምድር ነው፤ ግማሽ ሄክታር ያለው ባለጸጋ ይባላል። ለጉሎ የተሰጠች ጥማድ ከበቆሎ ወይም ከስኳር ድንች የተነጠቀች ናት። በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ቀረ፣ ምድሩ አረንጓዴ መስሎ ሕጻናት በምግብ እጥረት ወደ ማዳኛ ጣቢያ ገቡ። ረሃቡን ያመጣው ጉሎ ነው ማለት ሐሰት ነው፤ ዝናብ ነው። የዘራው ጉሎ ያልሆነለት ወይም ክፍያው የዘገየበት ገበሬ ግን በዚያ ክረምት ጉሎ መብላት አልቻለም፤ ጉሎ መርዝ ነው። ዝናብ ቢያጥርም እሸቱ የሚበላ ሰብልና የሚጠበቀው ገዢ ብቻ የሆነ ሰብል፣ ለድሃ ገበሬ አንድ አይደሉም። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር።

ወሎም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ በባቲ በኩል። ጃትሮፋ ለባቲ እንግዳ አይደለም። «አይደርቄ» ይሉታል። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ ድርቅ ቢመጣ አይደርቅም፣ ከብት አይበላውም፣ ቅርንጫፉ ቢተከል ይይዛል። ስለዚህ አጥር ሆነ። ማሳ ከፍየል ይጠብቃል፣ የእርከኑን ጠርዝ ይይዛል፣ አፈር ያቆማል። ሀብሩ ላይ በቅንጭብና በቁልቋል የሚሠራውን ሥራ ባቲ በአይደርቄ ትሠራዋለች። የባዮፊዩል ዘመን ሲመጣ ያ አጥር በድንገት «የዘይት ሀብት» ተባለ፤ ባለፕሮጀክቶችና ተመራማሪዎች ወደ ባቲ ጎረፉ።

ሂሳቡን ገበሬው ከሁሉ ቀድሞ ሠርቶታል። በእጅ መጭመቂያ አንድ ሊትር የጃትሮፋ ዘይት ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ፍሬ ያስፈልጋል። ፍሬው በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ ተመላልሶ መልቀም፣ መፈልፈል፣ ማድረቅ አለበት። የሚለቅመው ማን ነው? ሴቶችና ልጆች፣ ያውም የማሽላ አረምና አጨዳ በሚጣደፍበት ወቅት። አይደርቄ ውሃ ባይኖር አይሞትም እንጂ ውሃ ባይኖር አያፈራም። በተስፋው ዘመን በዓለም ዙሪያ የተቸበቸበው ወሬ እነዚህን ሁለት ነገሮች ያደባለቀ ነው። ድርቅ መቋቋምና በድርቅ ምርት መስጠት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ደረቅ ምድር ላይ በልቶ የሚያድር ሁሉ ያውቀዋል። ጥሩ ፍሬ እንዲሰጥ ጥሩ መሬትና ውሃ ይፈልጋል፤ ጥሩ መሬትና ውሃ ካለ ደግሞ ባቲ ላይም ሆነ ውርጌሳ ላይ የሚዘራው ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት ነው።

ከሌላም ቦታ የተገኘው መልስ ከዚህ አይርቅም። ማሊ ውስጥ ጋራሎ በተባለ መንደር በጃትሮፋ ዘይት የሚሠራ ጄኔሬተር ተተክሎ መንደሩ መብራት አገኘ። ሐሳቡ ከአውሮፓ ታንከር ይልቅ የመንደሩን ፍላጎት ያስቀደመ በመሆኑ ከብዙዎቹ የተሻለ ነበር። ፍሬው ግን አልደረሰም፣ ሞተሮቹ በአብዛኛው በናፍጣ ሠሩ። ኢትዮጵያ ውስጥም ከእነዚያ ሁሉ ኩባንያዎች የወጣ፣ በናፍጣ ተደባልቆ በማደያ ለሕዝብ የተሸጠ ባዮዲዝል አልነበረም። ከ23.3 ሚሊዮን ሄክታር!

በእነዚያው ዓመታት የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ እዚያው ሀብሩ ውስጥ፣ ዝናብ ቀድሞ በሚያቋርጥበት ቆላ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎችን እያወጣ ነበር፤ አንደኛው ግራና-1 ተብሎ የተሰየመው በወረዳው ባለችው የግራና ሸለቆ ስም ነው። ለዚህ ሥራ ከአውሮፓ ባለሀብት አልመጣም።

* * *

ጃትሮፋው ሲከሽፍ መንግሥት ፊቱን ወደ ስኳር በሙሉ ኃይሉ አዞረ። በ2003 ዓ.ም. የጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የስኳር ምርትን በአምስት ዓመት ውስጥ ከ300 ሺህ ቶን ገደማ ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ አለመ። አሥር አዳዲስ ፋብሪካዎች፣ ከመቶ ሚሊዮን ሊትር በላይ ኢታኖል፣ በገለባው የሚመነጭ መብራት ሁሉ ታቀደ። ተንዳሆ በአፋር፣ ጣና በለስ በአዊ፣ ኩራዝ በኦሞ። ኩራዝ የሚለው ስም ያስገርማል፤ ላምባ ጨርሶ የሚጠፋ የድሃ ቤት መብራት ነው።

የሆነውን ብዙው አንባቢ ያውቀዋል። ጣና በለስን የያዘው ሜቴክ ዓመታት ፈጅቶ ሳይጨርስ ተነጠቀ፤ ቦታው ላይ የደረሰ አገዳ ፋብሪካ ሲጠብቅ አረጀ። ከህንድ በተገኘ ብድር የተሠራው ተንዳሆ በ2007 ዓ.ም. ማምረት ጀምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። የአፋር አርብቶ አደር በድርቅ ጊዜ ከብቱን የሚያወርድበት የአዋሽ ዳርቻ ሣር ለአገዳው ተሰጥቶ ነበር፤ አገዳው ደረቀ፣ ሣሩም አልተመለሰም። የዚህ ጉዳት አፋር ላይ ብቻ አይቀርም። በድርቅ ከምሥራቅ የሚነሳ ከብት የሚወጣው ወደ ወሎ ቆላ ነው፤ በግጦሽና በውሃ ላይ የሚነሳው ግጭት የት እንደሚደርስ የአካባቢው ሰው ያውቃል።

ስኳር ካልመጣ ሞላሰስ አይመጣም፣ ሞላሰስ ካልመጣ ኢታኖል አይመጣም። አዲሶቹ ፋብሪካዎች የኢታኖል ጎርፍ ያመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ራሳቸው በጥሬ ዕቃና በመለዋወጫ እጥረት ይቆራረጡ ጀመር፤ የቤንዚን ድብልቁም ቆመ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ፋብሪካዎቹ ኢታኖል ሲያወጡ ሀገር ያየው በሳኒታይዘር መልክ ነው።

* * *

ከታሪኩ ሁሉ በጣም የሚያስቆጨው ክፍል ግን ስለመኪና አይደለም። ስለምድጃ ነው።

ከስትራቴጂው በፊት፣ በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ጋያ ማኅበር የተባለ የኢትዮጵያ ድርጅት በፊንጫ ኢታኖል የሚሠራ ምድጃ በአዲስ አበባ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ይሞክር ነበር። ምድጃው ቀላል ነው፤ ኢታኖሉን የሚመጥ ቆርቆሮ አለው፣ አይፈስም፣ አይፈነዳም፣ ጭስ የለውም። ከዚያ ወደ ሶማሌ ክልል ቀብሪ በያህ የስደተኞች መጠለያ ተወሰደ። እዚያ ሴቶች ማገዶ ፍለጋ ከመጠለያው ርቀው ሲሄዱ ይደበደቡ፣ ይደፈሩ ነበር፤ ከአካባቢው ነዋሪ ጋርም በእንጨት ይጣሉ ነበር። ምድጃው ሲገባ ያ ጉዞ ቀረ። ማኅበሩ በ2008 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሀገር የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት አገኘ።

በዚያው ዓመት የቤንዚን ድብልቁ ተጀመረ። የፊንጫ 8 ሚሊዮን ሊትር ለሁለቱም አልበቃም፤ መመሪያ የነበረው ለመኪናው ነው። ለምድጃ የሚሆን ኢታኖል ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ጋያና የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር፣ እነዚያ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች፣ አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን አነስተኛ የኢታኖል ማምረቻ እስከመትከል ደረሱ። ሊመሰገኑ ይገባል፤ ይህን እንዲያደርጉ የተገደዱበት ምክንያት ግን ሊጠየቅ ይገባል።

ሚኒስቴሩን ወክሎ የሚከራከር ሰው እንዲህ ይል ይሆናል፦ አንድ ሊትር ኢታኖል በመኪና ውስጥ ዶላር ያድናል፣ በምድጃ ውስጥ የሚያድነው እንጨት ነው፤ ሀገሪቱ የጎደላት ዶላር ነው። ክርክሩ ቀልድ አይደለም፤ ዶላር ሲጠፋ መድኃኒትም ማዳበሪያም ይጠፋል። ነገር ግን ኢታኖል በሊትር የቤንዚንን ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ዶላሩም በዚያው ልክ ነው የሚድነው። እንጨቱ ደግሞ በነጻ የሚመጣ የሚመስለው የሴቲቱ ጀርባ ዋጋ ስላልተጻፈበት ነው። የሀብሩ እናት ኩበቱን ምድጃ ውስጥ ስትከት ማሳው ማዳበሪያ ያጣል፣ ያጣውን ማዳበሪያ መንግሥት በዶላር ያስገባዋል። ስትራቴጂው የቦቴውን ደረሰኝ እንጂ ይህንን ሂሳብ ይዞ አልተነሳም።

የነዳጅ ነገር ምን ያህል የሆድ ነገር እንደሆነ ሰሜን ወሎ በጦርነቱ ተምራዋለች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት፣ ውርጌሳ ራሷ የጦር ግንባር በሆነችበት ወቅት፣ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ቦቴ ቀረ። ናፍጣ ያለቀበት ወፍጮ ቆመ። እህል ያለው ሰው እንኳ እህሉን ማስፈጨት አቅቶት ቆሎና ንፍሮ በላ፤ እናቶች የረሱትን የድንጋይ ወፍጮ አነሱ። በዚያ ክረምት አንድ ጀሪካን ናፍጣ ለአንድ ቀበሌ ምን ማለት እንደነበር ለነገረው ሰው «የሀገር ውስጥ ነዳጅ» የሚለው ሐሳብ የቅንጦት ወሬ አይመስለውም። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ለማን፣ በየት መሬት፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ነው።

መሞከር የሚገባው ትንንሽ ነገር አልጠፋም። የወሎ ልጅ ሁሉ የሚያኝከው ጥንቅሽ፣ ያ አገዳው የሚጣፍጥ ማሽላ፣ በሌላው ዓለም ለኢታኖል የሚመረመር ሰብል ነው፤ በህንድ ከእሱ ኢታኖል የሚያወጣ ፋብሪካ በ2007 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ነበር። ራሱ ይበላል፣ አገዳው ይጨመቃል፣ ገለባው ለከብት ይሆናል። ይህም ተአምር አይደለም፤ የአገዳው ስኳር ከታጨደ በኋላ ቶሎ ይበላሻል፣ ወቅቱም አጭር ነው፣ የህንዱም ፋብሪካ በዚሁ ተቸግሯል። ቢሆንም የገበሬውን እህል ሳይነካ ከሚሆኑት ጥቂት አማራጮች አንዱ ነው፤ የማሽላ ምርምር ማዕከልም ከውርጌሳ የባጃጅ መንገድ ላይ አለ።

አሁን መንግሥት ሌላ መልስ ይዟል። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል፣ የማደያ ዋጋ በየጊዜው ዘሏል፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና የአዲስ አበባን ጎዳና መሙላት ጀምሯል። ከባዮፊዩሉ ይልቅ ይህ መንገድ የተሻለ መሠረት አለው፤ ግድቡ አለ፣ መብራቱ የራስ ነው። ነገር ግን መለስ ዜናዊ ደርባን ላይ በ2004 ዓ.ም. ለዓለም ያቀረቡት የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ቤንዚን 15 በመቶ ኢታኖል፣ ናፍጣ 5 በመቶ ባዮዲዝል ይኖረዋል ብሎ ነበር። ያ ዓመት ደጃፍ ላይ ነው። የስኳር ፋብሪካዎቹ ለግል ባለሀብት ይሸጡ ተብለው ለጨረታ ቀርበው ነበር፤ ገዢ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሞላሰሱ የማን እንደሆነ ነው። ውሉ ላይ ለማደያው ስንት ሊትር፣ ለአረቄው ስንት፣ ለምድጃው ስንት እንደሚጻፍ ከአሁኑ መጠየቅ ያለበት ፓርላማው ነው። እስካሁን በይፋ ሲጠይቅ አልተሰማም።